የአራት ክንድ ጉድጓድ

ትሬቫን፣ ኮርንዎል
ጃንዋሪ 9 ቀን 1854

ይድረስ ለልጄ ለታምሲን ናንከርቪስ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከጉልበቴ ቁርጥማትና ከአዲሱ ቄሳችን ስብከት ርዝመት በቀር ደህና ነኝ። ባሕሩን በሰላም ያሻገረሽ ጌታ ወርቁንም ያሳይሽ፤ ከወርቁ በፊት ግን ልቡና ይስጥሽ።

እኔ የእናትሽ አጎት ጃቤዝ ትሬጊር ነኝ፤ የደብሩ ጸሐፊ፣ ሠላሳ አንድ ዓመትም መቃብር ቆፋሪ። ምናልባት ረስተሽኝ ይሆናል። ከአባትሽ ከፓስኮ ጋር ከተለያየን አራት ዓመት ሆነን። ስለዚያ ቀን በዚህ ደብዳቤ አላነሣም፤ አንቺም አታንሺ።

የምጽፍልሽ ለሥራ ነው። ስለ አንድ ቃል መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። ቃሉ «ዲግ» ነው፤ መቆፈር። ዕድሜዬን ሙሉ እጄ የሠራውን ነገር አፌ ከየት እንዳመጣው ባለማወቄ አፈርኩ። የጥንት አባቶቻችን «ዲግ» የሚባል አያውቁም ነበር። እነሱ «ዴልቭ» ይሉ ነበር፤ ወይም «ግሬቭ»፣ ዛሬ ለመቃብር ብቻ የቀረውን። የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ግድም ግን ይህ «ዲግ» እናት አባቱ ሳይታወቅ መጣና ባለርስቶቹን አስወጥቶ ቤታቸው ተቀመጠ። ከፈረንሳይ ነው የሚሉ አሉ። ፈረንሳዮቹም ቦይ እየቆፈሩ አፈሩን ለባሕር መገደቢያ ከሚቆልሉት ከኔዘርላንድ ሰዎች ተውሰውት ነው ይላሉ። ማስረጃ ግን የለም። እኔ ደግሞ ማስረጃ የሌለውን አልጽፍም።

በወርቁ ሜዳ ቃሉ ብዙ ልጅ እንደ ወለደ ሰማሁ። እያንዳንዱን ትርጉም ከነምሳሌው ላኪልኝ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና ያየውን ሰው ስም ጨምሪ። ወሬ አልፈልግም። አባትሽ ማንበብ ስለማይችል ነገሩ በአንቺና በእኔ መካከል ይቆይ።

የእናትሽ አጎት፣
ጃቤዝ ትሬጊር


የቁራ ሸለቆ የወርቅ ሜዳ፣ ቪክቶሪያ፣ አውስትራሊያ
ኤፕሪል 22 ቀን 1854

ይድረስ ለተከበሩ፣ ለተፈሩ፣ በአንድ ቃል ላይ መጽሐፍ ለሚጽፉ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ጉልበትዎስ? የቄሱ ስብከትስ አለቀ ወይስ እስካሁን ቀጥሏል? እኔ ከዝንብ፣ ከጭቃና ከአባቴ ኩርፊያ በቀር ደህና ነኝ። ምርቃትዎ ደርሶኛል፤ ወርቁ ግን ገና መርከብ ላይ ነው መሰለኝ።

አልረሳሁዎትም። ሰው በእናቱ ቀብር ላይ አባቱ በአካፋ ሦስት ጥርሱን ያወለቀለትን ዘመድ እንዴት ይረሳል? ይቅርታ፣ አታንሺ ብለውኛል። ስለዚህ ሕጉ አራት ክንድ ሆኖ ሳለ ሁለት ክንድ ብቻ እንደ ቆፈሩላት አላነሣም። አባቴ በቀብር ልብሱ ጉድጓዱ ውስጥ ዘሎ ገብቶ የቀረውን ሁለት ክንድ ራሱ እንደ ቆፈረ፣ ሕዝቡም ቆሞ እንደ ጠበቀ አላነሣም። ከየትኛው ዱላ በኋላ ማን እንደ ወደቀም አላነሣም። እንዲያውም አፌን ዘግቻለሁ።

ወደ ሥራችን።

አንደኛ፣ «ዲገር»። ቆፋሪ ማለት ነው፤ ግን እዚህ ማዕረግ ሆኗል። ሐኪሙም፣ ከመርከብ የጠፋው መርከበኛም፣ የጌታው ልጅም፣ ሌባውም ዲገር ነው። «እንዴት አደርክ ዲገር!» ይባላል። እርስዎ እዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆፍረው ከደጀ ሰላሙ ውሻ እኩል ሰላምታ የሚያገኙት ሰው፣ እዚህ ቢመጡ ባርኔጣ ይነሣልዎት ነበር። ምስክር፦ ሸለቆው በሙሉ።

ሁለተኛ፣ ጎንን በክርን መጎሸም። ምሳሌ፦ እሑድ ኤፕሪል 16፣ የጸሎቱ ድንኳን። አባቴ ስብከት ላይ ሲያንኮራፋ ጎረቤታችን ደርሞት፣ አየርላንዳዊው፣ በክርኑ «ዲግ» አደረገው። አባቴም «አሜን!» ብሎ ጮኸ። ሰባኪው ገና ስለ ሲኦል እያወራ ነበር።

ሦስተኛ፣ በነገር መውጋት። ምሳሌ፦ ይህ ደብዳቤ።

አራተኛው አያስቅም። ለመቆፈር በወር አንድ ፓውንድ ከፍለን የፈቃድ ወረቀት እንይዛለን። ወረቀቱ ኪስህ ውስጥ ካልተገኘ ትታሰራለህ። እስር ቤት ስለሌለ የሚያስሩት ከዛፍ ግንድ ጋር ነው፤ በሰንሰለት። የመንግሥት ፈረሰኞች እኛን ማደን ይወዳሉ። ሲመጡ በገዢው ስም «ጆ! ጆ!» እያልን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እንጮኻለን፤ ያልከፈለ ይሮጣል። ኤፕሪል 18 ከአገራችን ጎረቤት ከዴቨን የመጣ አንድ ልጅ ሮጠ። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነው። ቀይ ጺም የምንለው ሃምሳ አለቃ ተረከዙ ላይ ባለው ብረት የፈረሱን ጎን «ዲግ» አደረገው፣ ፈረሱም ልጁ ላይ ወጣ። ከዚያም አዙሮ ደገመው። የልጁ ጭን ሲሰበር የተሰማው እርጥብ ማገዶ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ነው። ምስክር፦ እኔ፣ ከአሥር እርምጃ።

አባቴ ከፍሏል፤ አይስጉ። ግን ጉድጓዳችን አርባ ክንድ ነው፣ ከሥሩም ውሃ አለ። ወረቀቱን ይዞ ቢወርድ ሊጥ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በትንባሆ ቆርቆሮ አድርጎ ድንኳን ውስጥ ያስቀምጠዋል።

እጅ የምነሣ፣
ታምሲን


የቁራ ሸለቆ
ጁን 14 ቀን 1854

አጎቴ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እልካለሁ። ለመጀመሪያው ደብዳቤ መልስዎ ሳይደርስ ሌላ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ።

ሰኞ ጁን 5 ጠዋት አባቴ ከጉድጓዱ ሥር ነበር። እኔ ከላይ ገመዱ የሚጠቀለልበትን መዘውር ይዤ አባቴን በባልዲው ገመድ እየሳብኩት ነው፤ ግማሽ መንገድ ደርሷል። «ጆ! ጆ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ወዲያው ቀይ ጺም ከነፈረሱ አጠገቤ ቆመ።

«የታችኛው ሰውዬ ፈቃድ የታለ?»

«ድንኳን ውስጥ ነው ጌታዬ። እሱን ላውጣና አመጣለሁ፤ ሠላሳ እርምጃ ነው።»

«አሁን ነው ያልኩሽ!»

«እንግዲያው ፈረስዎ ሄዶ ያንብበው፤ ከእርስዎ እሱ ይሻላል።»

ሌሎቹ ፈረሰኞች ሳቁ። አጎቴ፣ ጥፋቴ ይህች ናት። እናቴ «ይህ ምላስሽ አንድ ቀን ሰው ይገድላል» ትለኝ ነበር።

በጫማው ደረቴን ረገጠኝ። እጄ መዘውሩን ለቀቀ። መዘውሩ ብቻውን ሲሽከረከር እጀታው አፌን መታኝና ሁለት ጥርሴን ወሰደ፤ አሁን እኔና እርስዎ በአንድ ብቻ እንበላለጣለን። ገመዱ እያፏጨ ወረደ። ከዚያ ከሥር የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ቃል አልነበረም።

ደርሞት ሮጦ መጥቶ የፈረሱን ልጓም ያዘ። «ሰው አለ እታች! ሰው አለ!» ይላል። ሌላ አንድም ቃል አልተናገረም። ቀይ ጺም ጎራዴውን መዝዞ አንገቱ ሥር አሳረፈበት። ደርሞት ቁጭ አለ፤ ድካም እንደ ያዘው ሰው። ሚስቱ ኖራ ስትደርስ ደሙ ወደ ጉድጓዳችን እየወረደ ነበር።

አባቴ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በፈለፈላቸው መረገጫዎች ወጣ፤ አርባ ክንድ፣ በአንድ የተሰበረ የጎን አጥንት፣ አካፋው ጀርባው ላይ። የደርሞት ደም አናቱ ላይ እየተንጠባጠበ ነው የወጣው። እኔን አየ፤ አፌን አየ። ደርሞትን አየ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ መታ። የቀይ ጺም መንጋጋ ሁለት ቦታ ሆነ። አልሞተም፤ ቢሞት ኖሮ አባቴን እዚያው ይሰቅሉት ነበር።

ከግንድ ጋር አሰሩት። ይኸው ዘጠኝ ቀን በውርጭ፣ ቀኝ እጁ በብረቱ ውስጥ አብጦ። ባለሥልጣን ለመግደል ሞከረ ተብሎ ተከሷል፤ ፍርዱ ገመድ ነው። ዳኛው የሚመጣው በጃንዋሪ ነው። የወረዳው ጸሐፊ እንዳለኝ ከሆነ ሊረዳው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰላማዊ ሰው መሆኑን የሚናገር፣ ከተጠመቀበት ደብር የመጣ፣ ማኅተም ያለው የምስክርነት ወረቀት።

የደብሩ ጸሐፊ ደግሞ እርስዎ ነዎት።

አባቴ መጻፌን አያውቅም። ቢያውቅ ከእርስዎ ወረቀት ገመዱን ይመርጣል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ማስረጃ የሌለው ነገር እንዳልጻፉ አውቃለሁ። አጎቴ፣ ይዋሹልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ፓስኮ ናንከርቪስ በሰው ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም ብለው ይጻፉ።

ደርሞትን እኔና ኖራ ቀበርነው። መሬቱ ውርጭ ነበር፤ አራት ክንድ ቆፈርኩለት። ለምን አራት እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

በሜዳው ሕግ አንድ ቀን ሳይቆፈር ያደረ ጉድጓድ የማንም ነው። ስለዚህ በየቀኑ እኔ እወርዳለሁ፣ ኖራ ትስበኛለች።

ታምሲን


ትሬቫን
ኦገስት 1 ቀን 1854

ይድረስ ለልጄ ለታምሲን፣

ጤናሽን ያብዛልኝ፤ ምላስሽን ያሳጥርልኝ። የኤፕሪሉ ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ።

«ዲገር» ማዕረግ መሆኑን ሳነብ ባርኔጣዬን አድርጌ መስተዋት ፊት ቆምኩ፤ ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። ሦስተኛው ምሳሌሽ ባለጌ ነው፤ ቢሆንም ትክክል ስለሆነ እጽፈዋለሁ። አራተኛው ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ግን የፈረሱን ቀለም አልገለጽሽም። ምስክር ሁሉን ይናገራል።

ደግሞም የሜዳው ሰዎች ማደሪያቸውን «ዲጊንግስ» ይሉታል መባሉ እውነት ነው? ሰው የቆፈረበትን ቦታ ቤቴ ካለ፣ መጽሐፌ አንድ ምዕራፍ ያድጋል። ቶሎ ጻፊልኝ፤ አታሚው እየጠበቀ ነው።

ጃቤዝ ትሬጊር

የልጁ ጭን ዳነ? ይህን የምጠይቀው ለመጽሐፉ አይደለም።


ትሬቫን
ሴፕቴምበር 24 ቀን 1854

ታምሲን፣

የጁኑ ደብዳቤሽ እሑድ ደረሰኝ። ከቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፤ መነሣት ስላቃተኝ ቄሱ ደግፈው ወደ ቤት ወሰዱኝ። ስብከታቸውን ሁለተኛ አላማም።

እንዳልሽው ልዋሽ ተቀመጥኩ። ሦስት ወረቀት ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። ሰላማዊ ነው ብዬ እንደ ጻፍኩ ምላሴ ጥርሶቼ ወደ ነበሩበት ባዶ ቦታ ይሄድብኛል። አልቻልኩም።

የጻፍኩት እውነቱን ነው፤ የዚያን ቀን ነገር፣ አንድም ሳላስቀር። ከዚህ ጋር አለ፤ ማኅተም ተደርጎበታል። ለዳኛው እንጂ ለአንቺ አይደለም። ማኅተሙ ከተሰበረ ተራ ወረቀት ይሆናል፤ እንዳትከፍቺው። ታምሲን፣ አውቅሻለሁ፤ እንዳትከፍቺው።

ድድሽን በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ። እኔን የረዳኝ እሱ ነው።

ጃቤዝ


የቁራ ሸለቆ
ኖቬምበር 6 ቀን 1854

ይድረስ ለቃላት አባት፣

የኦገስቱ ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። የአባቴ ነገር ገና ሳይደርስዎት እንደ ጻፉት ቀኑን አይቼ አውቃለሁ። ግን የምቀየመው ሰው ስፈልግ ስለነበር እርስዎ ይበቁኛል።

የፈረሱ ቀለም! ቡናማ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። አሁንም በየጠዋቱ ያልፋል፤ ቀይ ጺም መንጋጋውን በጨርቅ አስሮ ይጋልበዋል፣ እኔን ሲያይ በጣቱ አንገቱን ያሳየኛል።

አዎ፣ ማደሪያችንን «ዲጊንግስ» እንላለን። የእኔ አሁን አርባ አራት ክንድ ሆኗል። ያለፈው ሐሙስ አንድ ረዥም ሰው ልጅ ናት ብሎ ሊነጥቀኝ ጉድጓዴ ውስጥ ወርዶ አገኘሁት። «ውጣ» አልኩት። «ነይ አውጪኝ፣ ቆንጆ» አለኝ። አንድ ባልዲ ድንጋይ ላኩለት። በራሱ ወጣ፤ ጆሮው ግን እታች ቀረ።

አባቴ ቀኝ እጁ ጠቁሯል።

ጭኑ የተሰበረው ልጅ ሞተ። ይህ ለመጽሐፉ ነው፤ ይጻፉት።

ታምሲን


የቁራ ሸለቆ
ጃንዋሪ 22 ቀን 1855

ይድረስ ለአጎቴ ለጃቤዝ ትሬጊር፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታውን ኋላ እልካለሁ ብዬ ነበር፤ የሰባት ወሩን ይኸው አሁን ይቀበሉኝ።

ወረቀትዎ ዳኛው ሊመጣ ስድስት ቀን ሲቀረው ደረሰ። «እውነቱን ጻፍኩ» ይላሉ! እውነቱን እኮ አውቀዋለሁ፤ አይቻለሁ! የሚፈላ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ማኅተሙን ይዤ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ከዚያ እሳቱ ላይ ልጥለው አልኩ። ኖራ እጄን ያዘች። «የእኔ ባል ሰው አለ ብሎ እውነት ሲናገር ነው የሞተው» አለችኝ። «የሱን እውነት አልሰሙም። ይህን ይስሙት።»

ስለዚህ ሰጠሁ። ከችሎቱ ጥግ ቆሜ የማውቃቸውን ጸሎቶች ሁሉ በተራ አልኩ፤ የምግቡን ጭምር።

አምስት ፈረሰኞች ምለው መሰከሩ። ቀይ ጺም መናገር ስለማይችል እየጻፈ ነበር፤ ፊደሉ ሁሉ ስሕተት ነው፣ እርስዎ ቢያዩት ያንቀጠቅጥዎት ነበር። አባቴ ለምን መታህ ሲሉት «ልጄን አይቼ» ብቻ አለ። ከዚያ ዳኛው የእርስዎን ማኅተም ሰበረና ጮክ ብሎ አነበበ።

«ፓስኮ ናንከርቪስን ከተጠመቀበት ቀን አንሥቶ ለሠላሳ ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን የመታው አንድ ሰው ብቻ ነው። የተመታሁት እኔ ነኝ። በአካፋ ነበር፤ ሦስት ጥርስ አጣሁ።»

ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ አለ። አባቴ የእርስዎን ስም ሲሰማ ወደ እኔ ዞረና አየኝ፤ ሰንሰለቱ ሳይሆን ዓይኑ አመመኝ። አጎቴ፣ በዚያች ሰዓት ረገምኩዎት። ዳኛው ቀጠለ።

«የሚስቱን መቃብር የቆፈርኩት እኔ ነበርኩ። ልኩ አራት ክንድ ነው። ሁለት ክንድ ላይ ጥቁር ድንጋይ ገጠመኝና ጉልበቴ ከዳኝ። ከደብሩ ሃምሳ ማዕድን ቆፋሪ ነበር፤ አንዱን እርዳኝ ማለት አፈርኩ። አይታወቅም ብዬ በዚያው አፈር ላለብሳት ነበር። ባሏ ግን ቆፋሪ ነው፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ሲያይ አወቀ። ገብቶ መቆፈር ሲጀምር፣ ዶማውን ልቀማው ብዬ መጀመሪያ እጄን ያነሣሁት እኔ ነኝ። በዶማው እጀታ ጆሮ ግንዱን መታሁት። ሕዝቡ ከኋላዬ ስለነበር አላየም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። እርሱም አልተናገረም። ይህ ሰው ሰው አይመታም። ከጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ወገኑን የሚያዋርድበትን ግን ይመታል። ይህን የሚጽፈው የተመታው ነው።»

ነገሩን የሚፈርዱት ከሕዝብ የተመረጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሱቅ ያላቸውም አሉ፣ ግን የሁሉም እጅ የቆፋሪ እጅ ነው። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ረስቶት ነው መሰለኝ ጮክ ብሎ፣ «ሁለት ክንድ?» አለ።

«ለሚስቱ?» አለ ሌላው።

«ኧረ እኔስ ብሆን ሦስት ጥርስ ላይ አልቆምም ነበር!»

ዳኛው ጠረጴዛውን ደበደበ። ሳቁ ግን ከውጭም ተሰማ። አሥራ ሁለቱ ሊመክሩ ወጡ፤ አንድ ፒፓ ትንባሆ በማያስጨርስ ጊዜ ተመለሱ። «ነጻ ነው» አሉ። ቀይ ጺም ተነሥቶ ወደ ጎራዴው እጁን ሰደደ። ከኋላው የቆሙት ሁለት መቶ ዲገሮች አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ፊት ተራመዱ። ተቀመጠ።

አባቴ ቤት ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሐኪሙ ከቀኝ እጁ ሦስት ጣት ቆረጠ፤ ዶማ ከእንግዲህ አይጨብጥም። በመጀመሪያ ቀን በግራ እጁ በትር ይዞ ወደ ደርሞት መቃብር ሄደ። «ስንት አድርገሽዋል?» አለኝ። «አራት» አልኩት። በትሩን ጣለው፤ አልለካም። ይህ ከእሱ ዘንድ እንደ መሳም ነው።

የፈቃድ ወረቀት የማወጣው አሁን በራሴ ስም ነው። ጸሐፊው፣ «የባልሽን ነው የምታወጪው?» አለኝ።

«ባል የለኝም፤ ዶማ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ሥራሽን ምን ብዬ ልጻፍ?»

ነገርኩት፤ ጻፈው። ለመጽሐፍዎ፦ «ዲገር»፣ ሴትም ትሆናለች። ጃንዋሪ 19፣ የቁራ ሸለቆ። ምስክር፦ ከላይ ሆኖ በግራ እጁ መዘውሩን የሚያዞርልኝ ሰው።

ስለ እርስዎ ግን አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያቺን የዶማ እጀታ እኔም አላውቃትም ነበር፤ ብጠይቀው ጆሮ ግንዱን ብቻ ዳሰሰ። ትናንት ከጉድጓድ ስወጣ ገመዱን አስሮ አጠገቤ ተቀመጠ። «ያ ሽማግሌ» አለ፣ «አሁንም ይቆፍራል?»

«ጉልበቱ አይረዳውም» አልኩት።

«ጻፊለት» አለኝ። እሱ እንዳለው ቃል በቃል ይኸው፤ ምንም አልጨመርኩም፣ ምስክሩም እኔው ነኝ፦

«ሁለት ክንድ የሱ ነው፤ ሁለት ክንድ የኔ ነው። መቃብሩ አንድ ነው።»

ታምሲን ናንከርቪስ